ማተብሽን ትራስሽ ሥር አገኘሁት

ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ይመስገነው፣ ደህና ነን። («ይመስገነው» ስል ፈገግ ማለትሽ ይታየኛል። የአፍ ልማድ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ አልለውጠውም።) የድሬ ሙቀት ትንሽ በረድ ብሏል። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ነጠላ ደርቦ መቀመጥ ተጀምሯል። እናትሽ ጾሙን ይዛ ሽሮ በሽሮ አድርጋኛለች።

ወረቀት ላይ የጻፍኩት ቸግሮኝ ነው። በስልክ እንዳላወራሽ የቤታችንን ግድግዳ ታውቂዋለሽ፤ ጓዳ የተነፈሰው በረንዳ ይሰማል። ቴሌግራም ላይ እንዳልጽፍ ጣቴ የወርክሾፕ ጣት ነው፤ አንድ ፊደል ስነካ ሦስት ይወጣል። ይህን ደብዳቤ ከሎሚውና ከቡናው ጋር በፌስታል አድርጌ ለሚኒባሱ ልጅ እሰጠዋለሁ። ቡናውን ከጓደኞችሽ ጋር ጠጪው። ደብዳቤውን ግን ብቻሽን አንብቢው።

መጀመሪያ አንድ ውሸት ልናዘዝ። ኅዳር 21 ቀን ማታ ደውለሽ «አባዬ፣ ዘንድሮ ቁልቢ አልመጣም። ብመጣ ማስመሰል ነው። እኔ አላምንም» ስትይኝ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ኔትዎርኩ ተቆራረጠ» ብዬ ዘጋሁት። ኔትዎርኩ ደህና ነበር። ቃል በቃል ሰምቼሻለሁ። የተቆራረጠው እኔ ነኝ።

ደግሞም አዲስ ነገር አልነገርሽኝም። ለመስቀል መጥተሽ የሄድሽ ዕለት፣ ቻርጀርሽን ረስተሽ እንደሆነ ልፈልግ ክፍልሽ ገባሁ። ትራስሽን ሳነሳ ማተብሽ እዚያ አለች። ሳትበጠስ፣ ቋጠሮዋ በጥንቃቄ ተፈትቶ፣ ተጠቅልላ። በ80 ቀንሽ ክርስትና ስትነሺ ከታሰረልሽ ወዲህ ሦስት ጊዜ ነው ክሩ የተቀየረው፤ ይቺ እናትሽ ከቁልቢ ያመጣችልሽ ጥቁሯ ነች። አንገትሽ ላይ የነበረው ክፍል ላብ ጠጥቶ ሻክሮ ነበር። አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ያዝኳት። ከዚያ ኪሴ ከተትኳትና ወጣሁ። እናትሽ እንዳታይ ብዬ ነው። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ፣ ሱሪ በቀየርኩ ቁጥር ከኪስ ወደ ኪስ አብራኝ ስትዞር ነበር።

እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ተናድጄ እንዳይመስልሽ። አንቺን የምጠራበት ቃል አጥቼ ነው። የናንተ ዕድሜ ልጆች «ኤቲስት» ትላላችሁ። የመጽሐፉ አማርኛ «ኢአማኒ» ነው። ሰፈር ውስጥ «ልጄ ኢአማኒ ሆነች» ብል በሽታ ይመስላቸዋል፤ «እኔን! ሐኪም ምን አለ?» ነው የሚሉኝ። የሚቀረው «ከሃዲ» ነው። ከሃዲ ደግሞ አደራ የበላውም፣ ጓደኛውን የሸጠውም፣ አገሩን የከዳውም የሚጠራበት ስም ነው። «ሃይማኖት የለሽ» ብንልም ያው ስድብ ነው፤ ገበያ ላይ ሚዛን ያጭበረበረን ሰው የምንሰድብበት። ቋንቋችን ላንቺ የሚሆን ጨዋ ስም አላዘጋጀም።

«እምነት» የሚለውን ቃልማ ተይው። አንዱ ቃል ሁለት ሥራ ነው የያዘው። እግዜርንም እናምናለን፣ በዱቤ የሚሰጠንን ባለሱቅም እናምናለን። ጎረቤታችን ሐጂ እንኳ፣ እሳቸው ሙስሊም ሆነው፣ ቀፊራ ገበያ ስለሚነግድ አንድ ክርስቲያን ሲያወሩኝ «ወላሂ፣ ባለ ማተብ ነው» ነው ያሉት። ታማኝ ነው ማለታቸው ነው። እና ማተብሽን ሳገኝ መጀመሪያ የፈራሁት ስለ ነፍስሽ አልነበረም። «ከእንግዲህ ማን ያምናታል?» ነው ያልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳሰብኩ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ።

አሁን ደግሞ ለማንም በደንብ አውርቼው የማላውቀውን ልንገርሽ። እኔም ማተቤን አውልቄ አውቃለሁ። እንዳንቺ ፈትቼ ግን አይደለም፤ በምላጭ ነው የቆረጥኩት፤ ያውም ሰው ፊት።

1969 ነው። 17 ዓመቴ ነበር። ጊዜው የአብዮት ነው። የቀበሌ ስብሰባ ሆን ተብሎ እሁድ ጠዋት፣ በቅዳሴ ሰዓት ይጠራ ነበር። የውይይት ክበብ አለ፣ ቀይ ሽፋን ያላቸው ትንንሽ መጻሕፍት አሉ፣ «ዲያሌክቲካዊ ቁስ አካልነት» የሚባል ምላስ የሚያደናቅፍ ትምህርት አለ። የሚያስተምረን ካድሬ ከእኔ በስድስት ወይ በሰባት ዓመት ቢበልጥ ነው። ሃይማኖት የሰፊው ሕዝብ ማደንዘዣ ነው አለን። አንድ ቀን ደግሞ «እስቲ ማን ነው ቆራጡ?» አለ። እጄን አወጣሁ። ምላጩን ከየት እንዳገኘሁት አላስታውስም። ጭብጨባውን ግን አስታውሰዋለሁ። ያ ጭብጨባ ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽሽም።

አስቤበት ነበር? አላሰብኩም። አምኜ ካድኩ? እሱም አይደለም። ሁሉም ወደዚያ ሲሄድ እኔም ሄድኩ። ከዚያ በፊት ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አብሬ እንደሄድኩት ማለት ነው።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ፣ አያትሽ ማለት ነው፣ አንገቴን አየች። ምንም አላለችም። ራት አቀረበችልኝ። በማግስቱ ስብሰባው የነበረበት አዳራሽ ሄዳ ወለሉን ለምታጸዳው ሴትዮ ሁለት እንቁላል ሰጥታ፣ ከቆሻሻው መሃል የተቆረጠውን ክር ፈልጋ አወጣች። ይህንን ያወቅኩት በ1981 ስትሞት ነው። መሃረቧ ጫፍ ላይ ቋጥራው አገኘነው፤ አንድ የድሮ ሃምሳ ሳንቲም አብሮት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ይዛው ኖራለች።

አጉል ላለማስለቀስ የሚያስቀውንም ልጨምርልሽ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የዚያድ ባሬ ጦር ድሬዳዋ በር ላይ ደረሰ። እኛ ወጣቶች ምሽግ ስንቆፍር ከርመን ነበር። መድፉ ሲያጓራ ሁላችንም ጉድጓድ ውስጥ ተዛዝለን ወደቅን። ከአጠገቤ የወደቀው ማን ይመስልሻል? ያ ካድሬ። ዓይኑን ጨፍኖ «ቁልቢ ገብርኤል ድረስልኝ! ገብርኤል ድረስልኝ!» ይላል። ሲያበቃ አየኝ። አየሁት። እስከ ዛሬ ተገናኝተን አውርተነው አናውቅም። አቦ፣ ምን ይወራል!

ያ ዘመን ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። በ1967 የገጠር መሬት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያንም መሬቷን አጣች። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1971 ክረምት ገደሏቸው። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም የተገደሉት በዚያው ክረምት ነው። የአቡኑ አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው። (አንድ መልካም ነገርም እንዳልደብቅ። የሙስሊሞች በዓላት የመንግሥት በዓል የሆኑት በደርግ ጊዜ ነው። ሐጂ ይህችን ሳያነሱ ደርግን ሰድበው አያውቁም።)

ውጤቱስ? ሃይማኖት ጠፋ? በ1987 ቆጠራ ጴንጤው ከአገሪቱ ሕዝብ 10 በመቶ ገደማ ነበር። በ1999 ቆጠራ 18.6 በመቶ ሆነ። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቱ እየታሸገበት በየሰው ሳሎን ተደብቆ ሲዘምር የነበረው ነው እንዲህ የበዛው። ስለዚህ አንድ ሰው «ቆንጠጥ አድርጋት፣ ቁልቢ በግድ ይዘሃት ውጣ» ሲለኝ የምስቀው ለዚህ ነው። በግድ መካድን ቀምሼዋለሁ። በግድ ማመንም ከዚያ የሚለይ አይመስለኝም።

ቆጠራ ካልኩሽ ዘንድ። ግንቦት 1999 ቆጣሪዋ ቤታችን ስትመጣ ትዝ ይልሻል? አንቺ ስምንት ዓመትሽ ነበር፤ በሩ ጋ ቆመሽ ማንጎ ትመጥጪ ነበር። «ሃይማኖት?» አለች። «ኦርቶዶክስ» አልኳት። ለቤቱ ሰው ሁሉ በተራ ጻፈች። አንቺን የጠየቀሽ የለም። ድሬዳዋ በዚያ ቆጠራ 70.8 በመቶ ሙስሊም፣ 25.7 በመቶ ኦርቶዶክስ ነች ተባለ፤ ከዚያች 25.7 ውስጥ አንቺም አለሽ፤ በእኔ አፍ የገባሽ።

«ዓለም ሁሉ እየተወው ነው» ያልሽኝን ሰሞኑን ስልኬ ላይ ሳነብ ከረምኩ። ግማሹ እውነትሽን ነው። እንግሊዝና ዌልስ በፈረንጆች 2021 በቆጠሩት ቆጠራ 37.2 በመቶው ሃይማኖት የለኝም ብሏል፤ ከአሥር ዓመት በፊት 25.2 ነበር። ክርስቲያን ነኝ ያለው ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ በታች ወረደ። አሜሪካም ከአሥር ጎልማሳ ሦስቱ ገደማ «ምንም አይደለሁም» ይላል። በዓለም ደረጃ በ2020 ከሰው ልጅ 24 በመቶው እንደዚያ ነው፤ ከእነዚህም የሚበዙት ቻይናውያን ናቸው። ብቻሽን አይደለሽም፤ እሺ።

እኛ ጋ ግን ፒው የሚባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ኦርቶዶክሶቻችንን ሲጠይቅ 98 በመቶው ሃይማኖት በሕይወቴ እጅግ አስፈላጊ ነው ብሏል። 78 በመቶው በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ብሏል። ያንኑ ጥያቄ የሩሲያ ኦርቶዶክሶች ሲጠየቁ እጅግ አስፈላጊ ነው ያሉት 15 በመቶ፣ በየሳምንቱ የሚሄዱት 6 በመቶ ናቸው። ያ ካድሬያችን መጽሐፉን ያመጣው ከማን አገር እንደነበር ታውቂያለሽ። ሩሲያ ውስጥ ከአሥር ሰው ሰባቱ ዛሬም «ኦርቶዶክስ ነኝ» ይላል። ስሙን ይዞ ቀረ።

የእኛን 98 ሳየው ግን አንድ ነገር ጠረጠርኩ። አንቺ ብትጠየቂ፣ እናትሽ ጓዳ ሆና እየሰማች፣ ምን ትመልሺ ነበር? እኔስ በ1971 «ታምናለህ?» ብባል? የሚፈራ ሰው መልሱ አይቆጠርም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ላይ የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነጻነት ይላል። ሰፈር ግን አንቀጽ የለውም። ሰፈር ያለው ዓይን ነው።

የሚያስተውሽን ነገር ደግሞ አላጣሁትም። ያንን ቪዲዮ ልከሽልኝ የለ? ነቢይ ነኝ ባዩ ውሃ በፕላስቲክ እየሸጠ፣ ከታች የቴሌብር ቁጥር ተጽፎ። እኔም አይቼ አፈርኩ። የኛ ሰዎችም ቢሆኑ መላእክት አይደሉም። መኪናው መስታወት ላይ ክንድ የሚያህል ሥዕል ለጥፎ ሂሳብ የሚያጭበረብር ስንት አለ። ቲክቶክ ላይ ሃይማኖት ለሃይማኖት ሲሰዳደቡ ያየ ልጅ «ሁላችሁም ይቅርብኝ» ቢል ምን ይገርማል?

ያንቺ ግን ከቲክቶክ በፊት ነው የጀመረው። እኔ ነበርኩ።

ሐምሌ 1998 መጨረሻ። ሌሊት ነው። ደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። በዚያች ሌሊት ግን የጎርፉ ድምፅ መጀመሪያ የድሮው ባቡር ይመስል ነበር። እኔ በእንቅልፍ ልቤ «ይሄ ፉርጎ በዚህ ሰዓት ከየት መጣ?» ብያለሁ። ነጋ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። አልጋ፣ በር፣ ፍየል፣ የልጅ ጫማ፣ ሁሉም ጭቃ ውስጥ። አንቺ ሰባት ዓመትሽ ነበር። የክፍልሽ ልጅ አልተገኘችም።

ከሳምንት በኋላ አንድ ሰባኪ ቆሞ «የኃጢአታችን ዋጋ ነው» አለ። እጄን ጎተትሽኝ። «አባዬ፣ እሷ ምን አጥፍታ ነው?» አልሽ፤ ድምፅሽን ሳትቀንሺ። ሰዎች ዞሩ። እኔ ምን አልኩሽ? «ዝም በይ» አልኩሽ።

ያንን «ዝም በይ» ብችል እመልሰው ነበር። ጎርፉ የመጣው ከልጅቷ ኃጢአት አይደለም፤ ከላይ ከደጋው ነው። ከደንገጎ ወዲያ ያለው ተራራ ዛፉ አልቆ ዝናቡን የሚይዘው ጠፍቶ ነው። ወንዙ አፍ ላይ ቤት የሠራነው እኛው ነን። ይህንን ያኔም አውቀው ነበር፤ ዕድሜ ልኬን ብረት ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ነገር ያለምክንያት እንደማይሰበር አውቃለሁ። ግን ሰባኪውን ሰው ፊት ማሳፈር ከበደኝና አንቺን ዝም አሰኘሁ። አንቺም ዝም አልሽ። አሥራ ስምንት ዓመት ዝም ብለሽ መልሱን ለብቻሽ ስትፈልጊ ኖርሽ። አላገኘሁም ብለሽ ብትመጪ በምን አፌ ልቆጣሽ?

የእኔ መልስ ምንድነው ካልሽ፣ የለኝም። ቅዳሴ ቆሜ ግማሹን ሰዓት ስለ ጡረታ ብሬ አስባለሁ። ግማሹን ደግሞ ስለ እናቴ። አልፎ አልፎ፣ ካህኑ ዜማውን ሲያወርደው፣ አንድ ነገር ደረቴን ነካ አድርጎ ያልፋል። ምን እንደሆነ አላውቅም። ለሱ ብዬ ነው የምሄደው። ከምላጩ በኋላ አዲስ ማተብ ያሰርኩት በእናቴ ተዝካር ነው፤ ተአምር አይቼ አይደለም፤ ያቺን መሃረብ አይቼ ነው። ላንቺ ማስረጃ እንደማይሆን ይገባኛል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የዕድር ጸሐፊ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ከሞት እጀምራለሁ፤ አትሳቂ።

አንድ የድሮ ባቡር ነጂ ነበረ፤ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ከረሜላ ይሰጥሽ የነበረው፣ ሁልጊዜ ካኪ ኮት የሚለብሰው። እሱ አላምንም ሲል አይደብቅም። «እኔ የማምነው በፍሬን ብቻ ነው» ይል ነበር። ቁልቁለት ፉርጎ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ እውነቱን ነው። በዕድራችን መዝገብ ላይ ሠላሳ ዓመት ሲከፍል አንድ ወር አላሳለፈም። ልቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ገመዱን የሚወጥረው እሱ ነበር። ሐጂ «ይህ ሰው ሳያውቀው ሙስሊም ነው» ይላሉ፤ እኛ «ሳያውቀው ክርስቲያን ነው» እንላለን። እሱ ይስቃል።

ሞተ፤ ነፍስ ይማር። (ቢሰማኝ ይሄንንም ይስቅበት ነበር።) ሚያዝያ ነው፤ የድሬን ሚያዝያ ታውቂዋለሽ፤ ሬሳ አይቆይም። መቃብር ልናስፈቅድ ሄድን። «የሰበካ ጉባኤ ደብተሩስ?» የለውም። «ንስሐ አባቱስ ማን ናቸው?» የሉትም። እኔ ከዕድር መዝገቤ ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜያለሁ። ሌላ መቃብር የት አለ? አንዱ የሙስሊም ነው፣ አንዱ የክርስቲያን ነው። «የምንም ያልሆነ» የሚቀበርበት ቦታ ሰፈራችን አላሰበበትም። ሁለት ሰዓት ቆምን። በኋላ አንድ ሽማግሌ ቄስ መጡ። «ተጠምቋል?» አሉ። እህቱ «በ40 ቀኑ» አለች። «እንግዲያው ምን ትቆማላችሁ?» ብለው ተቆጡን። ፍትሐቱ አጭር ነበር። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ሐጂ ናቸው፤ በ70 ዓመታቸው።

ይህን የምነግርሽ ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም ለማለት አይደለም። እሱ ሞቷል፤ ምንም አልተሰማው። ፀሐይ ላይ የቆምነው እኛ ነን። እና ሳስበው፣ እዚህ አገር ሃይማኖት ስትተዪ የምትተዪው እግዜርን ብቻ አይደለም። ማኅበሩን፣ ጽዋውን፣ የረመዳን ማታ ከሐጂ ቤት የሚመጣልንን ሾርባና ሳምቡሳ፣ ለፋሲካ ከኛ ቤት የሚሄድላቸውን፣ የልቅሶውን ድንኳን፣ ሁሉም በዚያ ክር ላይ ነው የታሰረው። ክሩን ፈታሽ፤ እሺ። የቀረውን ምን ላይ ታስሪዋለሽ? የጠየቅኩሽ ለመርታት አይደለም። ያ ባቡር ነጂ በዕድር መዝገብ ላይ አሰረው። አንቺ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤትሽን ስም ታውቂያለሽ? ስትታመሚ ማን ነው በር የሚያንኳኳው? እስቲ ይህንን ጻፊልኝ።

አሁን ወደ ቁልቢ። ራስ መኮንን ከአድዋ ሲመለሱ ያሠሩት ነው፤ አንቺ በልጅነትሽ ሙስሊሞቹ ስለት ይዘው ሲመጡ እያየሽ «ገብርኤል የማን ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ለሱም አልመለስኩልሽም መሰለኝ። ዘንድሮ 19 ቅዳሜ ነው፤ መንገዱ ይጨናነቃል። ሚኒባሱ እንደ አምናው ሩቅ ላይ ያወርደናል። ጉልበቴ ደግሞ እንደ አምናው አይደለም። እናትሽ ጃንጥላዋንና ሻማዋን ይዛ እኔን መደገፍ አትችልም።

እና ለስለት ነይ አላልኩሽም። ለክንድሽ ነይ። ዳገቱን ይዘሽኝ ትወጫለሽ። ቅጥሩ ጋ ስንደርስ እኛ እንገባለን፤ አንቺ ከታች ሻይ ቤት ትቀመጫለሽ። የሚጠይቅሽ ካለ አባቴን እየጠበቅሁ ነው ትያለሽ፤ ውሸት የለውም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ማታ እናትሽ ሱሪዬን ልታጥብ ስትወስድ ደንግጬ ከእጇ ነጠቅኳት። ቆማ አየችኝ። «ማተቧን አውጣና ስጠኝ፤ ታረጥባታለህ» አለችኝ። ለካ ለመስቀል የሄድሽ ዕለት አንሶላ ስትቀይር ቀድማኝ አይታታል። እኔ እንዳላይ ብላ መልሳ ትራስሽ ሥር ያስቀመጠቻት እሷ ነች። ሁለት ወር ተኩል አንዳችን ከአንዳችን ስንደብቅ!

«ከሃዲ» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን የአያትሽን መሃረብ ከሳጥን አወጣች። የኔ ቁራጭ እስከ ዛሬ እዚያ አለ። ያንቺን ጠቅልላ ጎኑ አስቀመጠችው። ከዚያ «ስትመጣ ትብላው» ብላ ዶሮ እንድገዛ አዘዘችኝ። በጾም! «ለሷ ነው፤ ለኛ አይደለም» አለች። የወጡን ሽታ እንዴት እንደምንችለው እንጃ።

የጉልበቴን ቅባት፣ ያንን ቱቦ ያለውን፣ ሁለት ይዘሽ ነይ። እዚህ ጠፍቷል።

አባትሽ